ሼህ ፋኪ የሚያዩት

ዓይኑ ጠፍቶ «አያለሁ!» እያለ የሚከራከር ሽማግሌ የሌለበት መንደር የለም። በዚህ ረገድ የኛ የፔምባ ደሴት መንደር ተወካይ ክቡርነታቸው ሼህ ፋኪ ኮምቦ ናቸው።

የዓይን ሞራ ሁለቱንም ብሌኖቻቸውን አንጥቷቸዋል። እሳቸው ግን «እኔ የማላየው ነገር የለም!» እንዳሉ ናቸው። የጎረቤትን ፍየል «እንደምን ዋልሽ እመቤት» ይሏታል። የተሰጣ ቅርንፉድ ረግጠው ያልፉና «መንገድ ላይ ምን ያሰጣችኋል!» ብለው ባለቤቱን ይቆጣሉ።

ይህስ ያስቃል። አንድ ቀን ግን ደጃፋቸው ካለው የድንጋይ መደብ ላይ አጠገባቸው ቁጭ ስል ጮኹብኝ።

«ተነሥ አንተ! ሰው ላይ ይቀመጣል? ታቱ ናት እኮ!»

ታቱ ሚስታቸው ነበሩ። ከቀበርናቸው ቆይቷል። ዘልዬ ተነሣሁና መደቡን በእጄ ዳሰስኩት። ጥላ ውስጥ ያለ ድንጋይ ነው፤ ግን ይሞቅ ነበር። ይህን ለማንም አላወራሁም።

ባሕር ተሻግረው የመጡ ሐኪሞች ከኛዋ ነርስ ከዙዌና ጋር ሆነው ሞራ በነፃ መግፈፍ ሲጀምሩ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሼህ ፋኪ አሻፈረኝ አሉ።

«አባባ፣ ትንሽ ጊዜ እኮ ነው የሚፈጀው» አለች ዙዌና። «ከቆየ ደግሞ ጭራሽ ይጨልማል።»

«ልጄ፣ ብርሃኑን ስትሰጪኝ እሷን የት ታደርሻታለሽ?»

ለካ የፈሩት ቢላውን አልነበረም።

«እንግዲያው አንዱን ብቻ» አለች ዙዌና። በስንት ልመና እሺ አሉ።

ፋሻውን እዚያው መደባቸው ላይ ስትፈታላቸው መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «አንተ፣ ምን ነካህ፣ አርጅተህ የለም እንዴ!» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጎናቸው ዞር አሉ። ባዶ ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን በመዳፋቸው ሲደባብሱ ዋሉ፤ አንጀቴን በሉት።

ሰንበትበት ብሎ ዙዌና «ሁለተኛውንም እንዲያሠሩ አግባባልኝ» ብላ ላከችኝ። አመሻሽ ላይ ስደርስ ሼህ ፋኪ የዳነውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው፣ በሞራው ዓይን ወደ ጎናቸው እያዩ ይንከተከታሉ።

«ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?»

«ከታቱ ጋር ነዋ። አንተን እያማን ነው።»

ልመክራቸው የመጣሁትን ሁሉ ተውኩት። እኚህን ሽማግሌ የቱን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያኔ ነው። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው፦

«ታቱ ምን አሉ?»