ሮዳጅ ላይ ያለ ሰው

አዲስ ሞተር የገዛ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ተራ ሰው መሆኑ ያበቃል። ሹም ይሆናል። እግር ያለው መሆኑን ይረሳል፤ ከቤቱ ጀርባ ካለው ሱቅ ጨው ለመግዛት ሄልሜት አጥልቆ ይወጣል። ስለ ጤናው ብትጠይቁት ስለ ዘይቱ ይመልስላችኋል። ልጅ የወለደ ሰው እንኳ ልጁ ሲጮህበት አንዳንዴ ይመረዋል፤ አዲስ ሞተር የገዛ ሰው ግን ሞተሩ በጮኸ ቁጥር ፊቱ ይበራል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የሀርጌሳው ክቡር አቶ ይሄይስ ነው፤ የቀሩት ሁሉ የሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው።

ይህን ከአስማማው በላይ የሚያውቅ የለም። ይሄይስ ግድግዳ ይለስናል፤ አስማማው ይሄይስ የለሰነውን ቀለም ይቀባል። ሁለቱም የሚኖሩት ዳሚ ሰፈር ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት አያሃ ሰፈር በሚገነቡ ቤቶች ላይ ነው። ስለዚህ ይሄይስ ያንን ቀይ፣ አፍንጫው የሾለ፣ ጭራው ወደ ሰማይ የተሰቀለ የስፖርት ሞተር እያስጓራ ሰፈር ሲገባ፣ የኋላ ወንበሩ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የአስማማው ነው።

ወንበር ከተባለ። የስፖርት ሞተር የሚሠሩ ሰዎች ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው በግል የሚጠሉት ይመስላል። ነጂው ደረቱን አስደግፎ ወደ ፊት ይተኛል፤ የኋላው ሰው ከበላዩ እንደ ቆጥ ዶሮ ጉብ ይላል፣ ጉልበቱ ጆሮ ግንዱ ሥር፣ የቀለም ባልዲው ክንዱ ላይ። አስማማው ከዚያ ከፍታ ሆኖ ሀርጌሳን ሁሉ ያያል። ሀርጌሳም እሱን ታያለች፤ የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ አይተው ዝም አይሉም።

«አስሜ፣ ተመቸህ?» ይለዋል ይሄይስ በየጠዋቱ፣ ከጥቁሩ የሄልሜት መስታወት ሥር።

«ተመችቶኛል። ያልተቀመጠችው ነፍሴ ብቻ ናት።»

«ልመደው፤ የአውሮፕላን አብራሪ አቀማመጥ ነው።»

«አብራሪው አንተ ነህ። እኔ ክንፉ ላይ ነው ያለሁት።»

ስለ ፍጥነቱ የጠየቀ ሰው ግን የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ገና ሮዳጅ ላይ ነው።» ሮዳጅ ማለት አዲስ ሞተር ብረቱ እርስ በርሱ እስኪላመድ ድረስ ቀስ ተብሎ የሚነዳበት ጊዜ ነው። የሌላው ሰው ሮዳጅ ያልቃል። የይሄይስ ሮዳጅ ግን ዝናብ መጥቶ ሄደ፣ ጾም ገብቶ ተፈታ፣ እሱ አለ። ያ ቀይ አውሬ በበርበራ መንገድ ላይ ድምፁን ብቻ ከፊት ልኮ ራሱ ከኋላ ይከተላል። ውሃ የሚያዞሩ የአህያ ጋሪዎች ያልፉታል። አንድ ጠዋት አንዱ ባለጋሪ እያለፋቸው ዘወር ብሎ፣ «ታርቲብ! ታርቲብ!» አላቸው። ቀስ በሉ ማለቱ ነው። ይሄይስ የልብ ምክር መስሎት በክላክስ አመሰገነው። ስድቡ የገባው ለአስማማው ነበር፤ እሱም ዋጥ አደረገው፤ አህያዋ ደግሞ እያየችው ነበር።

መንገዱ ላይ ሌላም ችግር አለ። ያ ጥቁር የሄልሜት መስታወት ይሄይስን እጅግ ግርማ ሞገሳም ያደርገዋል፤ ብቻ አያሳየውም። በዚያ ላይ አቧራው፣ መንገዱ መሀል ስብሰባ የተቀመጡት ፍየሎች፣ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ለራሱም ያልነገረው ባጃጅ። ስለዚህ ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ ቋንቋ ፈጠሩ። አስማማው ከላይ ሆኖ ያያል፤ ያየውን በጣቱ ጀርባ ሄልሜቱ ላይ ያንኳኳል። አንዴ ኳ ካለ ፍየል ነው። ኳ ኳ ካለ የመንገድ እብጠት ነው። በመዳፍ የወደቀ ጥፊ ከሆነ ባጃጅ ነው። ይሄይስ ለማንም አልተናገረውም እንጂ ሀርጌሳን የሚነዳት በአስማማው ዓይን ነበር።

ሞተሩ የሚያድረው ሳሎን ነው። እናትነሽ፣ የይሄይስ ሚስት፣ መጀመሪያ ሳምንት ሳቀች፣ ከዚያ አኮረፈች፣ ከዚያ ደግሞ ተስፋ ቆረጠች። «እንግዳ ሲመጣ ማነው ብዬ ላስተዋውቀው?» ትላለች። «አንሶላዬን ለብሶ፣ መስኮት ሥር የኔን ቦታ ይዞ። ለኔ እንኳ ዘይት ጨርሰሽ ይሆን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ የሱን ዘይት ግን ጠዋት ማታ አጎንብሶ ያያል።»

ነገሩ የተበላሸው ሐሙስ ቀን፣ ናስተሆ ሻይ ቤት፣ ሁለቱ ከሥራ ሲመለሱ ነው።

«ነገ ትራክ ላይ ይወጣል» አለ ይሄይስ፣ ሻዩን እያማሰለ።

አስማማው ከቀለም በፊት የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ወጣትነቱን የጨረሰው ከበርበራ ወደብ ወጃሌ ድንበር፣ ከወጃሌ በርበራ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተኝቶ ነው። ለሱ ትራክ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎማው ብዙ፣ ሸራው ትልቅ፣ የተጫነበትን ይዞ የሚሄድና የማይመልስ።

«ማነው ትራክ ላይ የሚወጣው?»

«ሞተሩ ነዋ! ዓብዲወሊ ሁሉን አዘጋጅቶታል። ከአያሃ ወዲያ ያለው ሜዳ፣ በጠዋት። የኋላ ወንበሩንም ፈትቼ ሳሎን አስቀመጥኩት። ትራክ ላይ ምን ያደርጋል?»

ዓብዲወሊ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ነው። የሚሸጥ ሰው፣ ትራክ፣ የተፈታ ወንበር። አስማማው የቀረውን ራሱ ገጣጠመው፤ ሞተሩ ሊሸጥ ነው፤ ወጃሌ ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው እንኳ አይመለስም። መጠየቅ አንድ ቃል ነበር። ግን ያንን ወንበር ስንት ጊዜ ረገመው? ስንት ጊዜ «ምነው በሸጥከውና በሚኒባስ እንደ ሰው በሄድን» አለ? አሁን በምን አፉ ነው «አትሽጠው» የሚለው?

«ጥሩ ነው» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ለማጣራት እናትነሽን በር ላይ አገኛት። «እውነት ነው ነገ ትራክ ላይ?»

«እውነት ነው፤ ለዓብዲወሊ ዕድሜ ይስጠው! ነገ ሳሎኔን ልጠርግ ነው፤ ወለሉን ካየሁት ስንት ዘመኔ!»

አለቀ። አስማማው ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ሚኒባሱን አሰበው፤ መስኮት ሥር የሚቀመጥ አንድ ቀለም ቀቢ፣ ባልዲውን ታቅፎ፣ የሚያንኳኳበት ራስ የሌለው። ወገቡ የታመመበትን፣ ጉልበቱ የደነዘዘበትን፣ አህያ የታዘበችውን ያንን ጠዋት ሁሉ አሰበ፤ ካሰበው ውስጥ አንዱንም ለሌላ ሰው መስጠት አልፈለገም። ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ መጣና ከሁሉ ይልቅ ያበሳጨው እሱ ሆነ። አጫጫኑን ማን ያውቅበታል? ዛሬ ረዳት የሚባለው ሁሉ እኮ በሽቦ ነው የሚያስረው! ያ ቀይ ቀለም፣ ይሄይስ በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውለው፣ ወጃሌ ሳይደርስ ተፋቅፍቆ ያልቃል።

ዓርብ ጠዋት አስማማው አያሃን አልፎ፣ አንድ ሀብታም መጋዘን ሊሠራበት አስደልድሎ የተወው ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ከባጃጅ ወረደ። ትከሻው ላይ የረዳትነት ዘመኑ የናይሎን ገመድ ተጠምጥሟል። ያለችው ብቸኛ ወፍራም ብርድ ልብሱ ብብቱ ሥር ተጠቅልላለች፤ ትልቅ የነብር ፊት የታተመባት፣ ሰርጉን ትጠብቃለች ተብላ የተቀመጠች።

ዓብዲወሊ ነው መጀመሪያ ያየው። ጅግጅጋ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ፈጣን ነው፤ ብቻ ሁሉን ነገር ሴት ያደርጋል። «ማሻ አላህ፣ አስማማው! ገመዷ ለምንድን ናት? ፍየል ልትገዛ መጣህ?»

«ትራኩ የታለ?» አለ አስማማው በደረቁ።

«የቱ ትራክ?» አለ ይሄይስ።

«የሚጫንበት ነዋ! በሽቦ እንዳታስሩት ብዬ ነው የመጣሁት። ከሥሩ ይቺን አንጥፉ፣ መሪውን ወደ ግራ ቆልፉ፣ ገመዱን እኔ አስረዋለሁ፤ ከዚያ መንገድ ይቅናው።»

ዓብዲወሊ ሜዳውን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሜዳው ላይ አሮጌ ጎማዎች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፤ ሄልሜት ያጠለቁ ወጣቶች ሞተራቸውን ያሞቃሉ። «ይቺ ናት ትራኳ፣ ወላሂ! መሮጫዋ! ዙር፣ ዙር፣ ዙር!»

አስማማው ወደ መሬት አየ። «መሬቱ ነው ትራኩ?»

«መሬቷ ናት።»

ለይሄይስ ቀስ እያለ ገባው። የሄልሜቱን መስታወት ከፍ አደረገ። «አስሜ፣ ልሸጠው ነው ብለህ ነው?»

«እኔ? ምን አገባኝ? ወገቤ ሊያርፍ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ልሸኘው ነው የመጣሁት።»

«በብርድ ልብስህ?»

«በርዶኝ ነው» አለ አስማማው። ፀሐይዋ በጠዋቱ ታቃጥላለች፤ ላቡ በገመዱ ላይ ይንጠባጠባል።

ሌላ ነገር የሚባልበት ጊዜ አልነበረም፤ ዙሩ ሊጀመር ነው። ይሄይስ መስታወቱን ጣለ፣ ሞተሩ ላይ ተኛ፣ ለሀርጌሳ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ሮዳጁ ዛሬ አለቀ!» አለና ተወነጨፈ።

እውነት ለመናገር፣ ሞተሩ ያለው ሁሉ ነበረው። ከጭስ ማውጫው የወጣው ድምፅ ሜዳው ዳር የነበሩትን ፍየሎች ግንብ ላይ አዘለላቸው። ያንን ሁሉ ወር አህያ ያለፈችው ፍጥረት የቀሩትን ሁሉ አቧራ አልብሶ ቀይ መስመር ሆነ። ዓብዲወሊ ይዘላል፣ ያጨበጭባል። አስማማው ግን ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ለካ ያለ እኔ እንዲህ ይሮጣል፣ አለ በልቡ። ለካ ሮዳጁ እኔ ነበርኩ። ወንበሩ ነገ ይመለሳል ብሎ ማን ይምላል? እንዲህ መብረርን የቀመሰ ሰው ባልዲና ሰው ጭኖ አያሃ ለመሄድ ምን ይሻል?

ያን ጊዜ ከሜዳው ማዶ ቀዩ መስመር ተቆረጠ። ፍሬን ጮኸ። አቧራው ሲገለጥ ይሄይስ ሞተሩን አዙሮታል፤ ሁሉም ወደዚያ ሲሮጥ እሱ ብቻ ወደዚህ፣ ሁለት እግሩን መሬት እያስነካ፣ ግራና ቀኝ መሬት መሬቱን እያየ ይመጣል። የሚመጡት በቀኝም በግራም እየተሳደቡ ያልፉታል።

«ዋርያ! ወዴት ናት?» ይጮሃል ዓብዲወሊ። «ወደ ፊት! ወደ ፊት!»

ይሄይስ አልሰማም። መስታወቱን ገልጦታል፤ ፊቱ እሱ እንደሚለስነው ግድግዳ ነጭ ሆኗል። «አስማማው!» ይላል። «አስማማውን ያያችሁ! የት ጋ ነው የጣልኩት?»

«እዚህ ነኝ!»

«እዚያ ምን ታደርጋለህ?» አለ ይሄይስ፣ ሞተሩን አጠገቡ አቁሞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «መቼ ወደቅህ?»

«ከመጀመሪያውም እዚህ ነበርኩ እኮ! ወንበሩን አንተ ራስህ ፈትተኸው!»

ይሄይስ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ባዶውን ብረት ዳበሰ። «ረሳሁት» አለ። «መጀመሪያ ፍየል አየሁ፤ አላንኳኳህም። አኮረፈ አልኩ። ቀጥሎ ጉድጓድ አየሁ፤ አሁንም ዝም። ያን ጊዜ ነው፣ ሰውዬው የለም ያልኩት።» ሄልሜቱን አወለቀ። «መሬት መሬቱን ስፈልግህ ነበር፣ አስሜ።»

ዓብዲወሊ መጥቶ ትከሻውን መታው። «ወላሂ የመጨረሻ አልወጣህም። ወደ ኋላ ከሚሮጡት አንደኛ ነህ።»

ወደ ቤት መሄጃው ሲደርስ አስማማው ብርድ ልብሷን ጠቅልሎ ወደ ሚኒባሱ ፌርማታ አቀና።

«ወዴት ነው?»

«ወንበር የለህ።»

«ገመድ አለህ አይደል?» አለ ይሄይስ። «አጫጫን አውቃለሁ ስትል አልነበር? እስቲ ራስህን ጫን።»

አስማማው ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ። ብርድ ልብሷን አጥፎ አጥፎ ባዶው ብረት ላይ አነጠፋት፤ የበርበራን ሲሚንቶ ስንት ቁልቁለት ባሻገረ ቋጠሮ ጠፍሮ አሰራት። ቀለሙ አንድ ቦታ እንኳ አልተፋቀም። ነብሩ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚመጣው ሁሉ ላይ ያፈጣል። አስማማው ወጣና ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ምቾት አይቶ አያውቅም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለአዲስ ሞተር ባለቤት አይነገርም።

«ተመቸህ?»

«ነብሩ ትንሽ ይቆረቁራል።»

በአያሃ መንገድ ሲመለሱ ያው የውሃ ጋሪ ከኋላ መጣ። ባለጋሪው የነብሩን ፊት አየ፤ አህያዋም አየች፤ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያልፉ ከኋላ ተከተሉ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ፍየል የለም፣ እብጠት የለም፣ ባጃጅ የለም። አስማማው እጁን አነሣና ሄልሜቱ ላይ አንዴ ኳ አደረገ።

ይሄይስ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። «የታለች ፍየሏ?»

«ፍየል የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ምንም። መኖሬን ላሳውቅህ ብዬ ነው።»

ይሄይስ መስታወቱን ጣል አደረገ። «ይሄኛውን ቶሎ ቶሎ አንኳኳው» አለ። «ገና ሮዳጅ ላይ ነኝ።»