መልኩን አይቶ የሚለቅመው ደረጀ

ሰው በኮምፒውተር ይቀናል? እኔ አልቀናም። የእኔና የደረጀ ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ነው። የምቀናው ደረጀ በሚሠራበት ነገር ነው።

ደረጀ ሞላሌ በሚገኘው ቢሯችን አጠገቤ የሚቀመጥ ወጣት ነው። ለቤት ክዳን የሚሆነው፣ ለዓመታት ተዘግቶ የሚጠበቀው የጓሳ ሣር መቼ ተከፍቶ ይታጨድ በሚለው ላይ ሽማግሌዎች የተናገሩትን ከድምፅ መቅጃ እያዳመጥን አብረን ተየብነው። ጥያቄውም፣ ጫጫታውም፣ ሳሉም ሳይቀር ገባ። አለቃችን ወይዘሮ አሰለፈች፣ የሽማግሌዎቹን ቃል ብቻ ለይታችሁ አምጡ፤ ቀድሞ ያመጣ በስብሰባው ላይ ያነበዋል አሉ።

ማንበቡን ፈለግሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ወልደየስ አማቼ ናቸዋ! ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ሥራዬ አልገባቸውም። "ትጽፋለህ፤ እሺ፣ ከዚያስ?" ይሉኛል።

እናም ተቀምጬ በማውሱ እየጎተትኩ አንድ በአንድ ኮፒ ማድረግ ያዝኩ። ደረጀ ሻዩን ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ እንደ ምስር በእጅ ነው እንዴ የሚለቅሙት?"

ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባል ነገር አለ አለኝ። ለኮምፒውተሩ ቃሉን ሳይሆን የሚፈለገውን መስመር መልኩን ነው የምትነግረው። መስመሩ በ"ጋሽ" ይጀምር፣ ስም ይከተል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ፤ የቀረውን እስከ መስመሩ መጨረሻ ስጠኝ ትለዋለህ። ነጥብና ኮከብ የበዛበት አንድ አጭር ነገር ጻፈ። ገጹ ሁሉ ቢጫ ሆነ። የተገኘውን በሙሉ ኮፒ አድርጎ ሌላ ገጽ ላይ ለጠፈው። ሻዩ እንኳ አልበረደም።

ቅናት ሆድ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ማውስ ሲጎትት በዋለ ጣት ላይም ይወጣል።

በስብሰባው ደረጀ ቆመ። እኔ ዘግይቶ ያለቀውን ወረቀቴን አጥፌ ከኋላ ተቀመጥኩ። ማንበብ ጀመረ።

"ጋሽ ወልደየስ፦ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ጋሽ በቀለ፦ ዘመኑን የጥጋብ ያድርግላችሁ።"

ነገሩ ገባኝ። የእኛ አገር ሽማግሌ ሳይመርቅ ጉዳይ አይጀምርም። ስንተይብ ደግሞ ምርቃቱን ከስማቸው ጋር በአንድ መስመር አስፍረን፣ ጉዳዩን ከሥር በአዲስ መስመር ጀምረናል። የደረጀ ፍለጋ ምርቃት ምርቃቱን ለቅሞ፣ ስለ ሣሩ አንዲት ቃል ሳይነካ ቀርቷል። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሽማግሌዎቹ በየምርቃቱ "አሜን" ማለት ጀመሩ። ቆብ ወለቀ። መጨረሻ ላይ ቤቱ በሙሉ ቆሞ ነበር።

"እስቲ አሁን ጉዳዩን" ተባለና እኔ ተጠራሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ሳላጓድል አነበብኩ።

"ጋሽ ወልደየስ፦ ሣሩ ይከፈት የሚሉት ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሱት ናቸው። ለክዳን መቼ አጡና? ሊሸጡት ነው።"

"ማንን ነው?" አሉ ጋሽ በቀለ፣ የቆርቆሮ ቤት ባለቤቱ። ከዚያ በኋላ ንባቡን የሰማ የለም። አማቼ መሬት መሬት ያያሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ወልደየስ ከፊት ከፊት እየሄዱ ወደ እኔ ዞር አሉ።

"ያ የመረቀን ልጅ" አሉ፣ "አግብቷል?"

"አላገባም።"

"እንግዲያው የሚስትህ ታናሽ አለች። አንተ አጠገቡ አይደል የምትቀመጠው? ጠይቅልኝ።"

በሥራ ቀን አጠገቤ መቀመጡ አልበቃ ብሎ፣ በፋሲካም በአማቼ ማዕድ አጠገቤ ሊቀመጥ ነው።