ልብ ያለው መሃል ላይ ነው

ሰው ሁሉ ስለ ልብ ያወራል። ልብህ የት ነው ብላችሁ ጠይቁት እስቲ። ትኩሳቱን የሚለካ ይመስል እጁን ግራ ብብቱ ሥር ይወሽቃል። ልብ ያለው መሃል ደረት ላይ ነው፤ ጫፉ ብቻ ወደ ግራ ዘመም ይላል። መጠኑ የጨበጡት እጅ ያህል ነው። አያዝንም፣ አያፈቅርም። ሥራ ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም። ትምህርቱን ጥዬ ከቡራዩ አስኮ የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበርኩ። ታላቅ እህቴን፣ እታበባ ነው የምላት፣ ልቧን አሟት አዲስ አበባ ሆስፒታል ስወስዳት ሐኪሙ አስረዳኝ። ሥራዬን ጠየቀኝና በዚያው መሰለልኝ። ልብ ሁለት መስመር የሚያስተናግድ መናኸሪያ ነው አለኝ። ቀኙ ወገን አጭሩን መስመር ይዟል፤ አየር ያለቀበትን ደም ሳንባ ድረስ ይልከዋል። እዚያ የታደሰው ደም በግራ በኩል ይገባል፤ ግራው ደግሞ ረጅሙን መስመር ይዞ ከአናት እስከ እግር ጥፍር ያዳርሰዋል። በየመሃሉ በር አለ፤ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚከፈተው። የእህትህ የግራው በር ግን ሲዘጋ አይገጥምም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል አለኝ።

የሚኒባሳችንም በር አይገጥምም ነበር። በገመድ እናስረው ነበር። የልብን በር ምን ታደርገዋለህ?

በሩን ያበላሸው ደግሞ ጉሮሮ ነው። እታበባ ልጅ ሆና ጉሮሮዋን ባመማት ቁጥር ሰፈሩ እንጥሏ ወርዷል ይላል። እናታችን ቆራጭ ዘንድ ትወስዳታለች። እንጥል አንድ ነው፤ እሷን ግን ደጋግመው ቆረጧት። ምኗን ይቆርጡ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ያኔ ኪኒን ብትውጥ ኖሮ ሰውነቷ የጉሮሮውን በሽታ እዋጋለሁ ብሎ የገዛ ልቧን ባልወጋ ነበር። አተኮሳት፤ ጉልበቷ አበጠ፣ ከዚያ ክርኗ። ብርድ ነው ተባለ። ያ ቆራጭ የሄደበትን መንገድ ዛሬም አልሄድበትም።

መድኃኒቷ፣ ጉሮሮዋ እያገረሸ ልቧን ይብሱን እንዳይጎዳው፣ በየወሩ የምትወጋው ፔኒሲሊን ነበር። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ መርፌው ሰው ይጥላል ብሎ ስለሚፈራ አይወጋም። ስለዚህ በየወሩ አዲስ አበባ እንሄዳለን።

ከዚያ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ ከተሞች ጋር የሚያያይዝ ማስተር ፕላን መጣ። ስብሰባ ተጠራ። መድረኩ ላይ የቆመው ሰውዬ አዲስ አበባ ልብ ናት፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ደም ሥሮቿ ናቸው አለ። ተጨበጨበ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ አላጨበጨቡም፤ ማሳቸው ካርታው ውስጥ ነበር። እታበባ እጇን አወጣች። ትንፋሿ እስኪመለስ ሰው ጠበቃት።

«ልብን እኔ አውቀዋለሁ። የተቀበለውን መልሶ ይልካል። መላክ ሲያቅተው ይኸውላችሁ።»

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን አሳየች። ያበጠ እግር፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር። ሰውዬው አስተያየቱ ተይዟል አለ። እግሩን ማለቱ ይሆን?

ብዙም ሳይቆይ ፕላኑን የተቃወሙ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘጉት። ሚኒባሶች ቆሙ። የመርፌዋ ቀን ደረሰ። ኦቦ ቶሎሳ ጋሪያቸውን ጠምደው መጡና «ኮቱ ልጄ፣ ነይ ውጪ» አሏት። ድንጋዩ ጋ የቆሙት ወጣቶች ዛሬ ማንም አያልፍም አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ከጋሪው ሳይወርዱ በኦሮምኛ ገሠጿቸው። የሚወሰደው መሬት የኔ ነው፣ በኔ መሬት ስም የጎረቤቴን ልጅ ልትገድሉ ነው ወይ አሏቸው። ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ድንጋዩን በጋሪው ልክ ገለጥ አደረጉ። እንዳለፍን መልሰው ዘጉት። እታበባ ሳቀች።

«አየህ፣ የሚገጥም በር።»

ፈንጠር ብለው የታጠቁ ወታደሮች ቆመዋል። ማለፍ አይቻልም፣ ትእዛዝ ነው አሉ። ስለ መርፌው ነገርኳቸው። ስለ ልቧ በር ነገርኳቸው። በዕድሜ ከኔ የማይበልጥ አንዱ «ወንድሜ፣ እኔም ታዝዤ ነው፣ ነገ ሞክር» አለኝ። ነገ ማን ሊከፍተው? ከኋላ ድንጋይ፣ ከፊት ጠመንጃ፣ አስፋልቱ መሃል እህቴ። ሁለቱም ስለ ሕዝብ ብለው ነው የቆሙት። ሕዝቡ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ አጥሮታል። ከነዚያ ወጣቶች ቤታቸው ያልተመለሱ አሉ፤ በነሱም ሞት ዛሬም እናደዳለሁ።

ያ መርፌ አለፈ። የሚቀጥለውም አለፈ። ጉሮሮዋን እንደገና አመማት፣ ትኩሳቱ ተመለሰ። ክረምቱን አልጨረሰችም።

ለቅሶው ላይ ሁሉም ስለ ልቧ ደግነት ያወራል። አንዷ ጎረቤታችን ግን ትንሿ ልጇ ጉሮሮዋን እንዳመማት፣ ነገ እንጥሏን ልታስቆርጥላት እንደሆነ ለአጠገቧ ሴት ነገረቻት። እዚያው ድንኳኑ ውስጥ፣ የእህቴ ለቅሶ ላይ። ጮህኩባት። እናቷ ጎን የተቀመጠችውን ልጅ እጇን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣሁ። ኪኒን እንኳ አላቸው፤ መንገዱም ያን ቀን ክፍት ነበር።

እናቷ እየተራገመች ስትነሳ አንድ ሰውዬ ሲያባብላት ሰማሁ።

«ተዪው፣ ልቡ ተነክቶ ነው።»

ዞሬ አላየሁም። እጁ የት እንደነበር አውቃለሁ።