የእማማ አልታየች ጠባይ በአርባ ጥያቄ

(ደብረ ብርሃን፣ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት። እማማ አልታየች ከበሩ ደፍ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ግራ እጇ ጠጉሩን ይመጥናል፣ ቀኝ እጇ እንዝርቱን ያሾራል፤ ዓይኗ ግን እጇን አያይም። የሚያየው ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን የልጅ ልጇን ዘርአ ዳዊትን ነው። ዘርአ ዳዊት አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሰውን ጠባይ የሚመረምር ትምህርት፣ ሳይኮሎጂ የሚሉትን፣ ይማራል። የአንድ ሰው ጠባይ መርምሮ፣ ጽፎ፣ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለበት። የመጀመሪያው ወረቀቱ ወድቋል፤ ይህም ከወደቀ ከዩኒቨርሲቲው ይሰናበታል። ለአያቱ የነገራት ግን አንደኛ ስለወጣ ለሽልማት መመረጡን ነው። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ በስምንት ሰዓት ሲያልፍ ወረቀቱን ለረዳቱ ይሰጠዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ጓደኛው ወልደአረጋይ ተቀብሎ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ በታይፕ ይመታለታል። አሁን ሰባት ሰዓት ሆኗል። በመካከላቸው በርጩማ አለ፤ በርጩማው ላይ ወረቀትና የቀለም ብልቃጥ።)

ዘርአ ዳዊት፦ እማማ፣ እንዝርቱን አስቀምጪና እንጀምር እንጂ።

አልታየች፦ ጀምር። እንዝርቱ ምን አደረገህ?

ዘርአ ዳዊት፦ የሚመረመር ሰው እጁን ያሳርፋል። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው።

አልታየች፦ መጽሐፉን ለጻፈው ሰው ባናውን ማን ፈተለለት?

ዘርአ ዳዊት፦ ፈረንጅ ነው። ባና አይለብስም።

አልታየች፦ ይበርደዋላ። እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ዘርአ ዳዊት፦ እሺ፣ ፍተዪ። (ይጽፋል) «ግትር ናት።»

አልታየች፦ ምን ብለህ ጻፍክ?

ዘርአ ዳዊት፦ (ግራ ጆሮውን እያሻሸ) «ትጉህ ናት» ብዬ ነው።

አልታየች፦ (ወረቀቱን ከማዶ እያየች) እደግልኝ።

ዘርአ ዳዊት፦ ጥያቄው አርባ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስቱን እኔው ሞላሁልሽ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ ምናምን።

አልታየች፦ ዕድሜዬን ስንት አልክ?

ዘርአ ዳዊት፦ ሰባ ሁለት።

አልታየች፦ እኔ የማላውቀውን ካወቅህማ ትምህርቱ ጥሩ ነው።

ዘርአ ዳዊት፦ እንዳትፈሪ ጥያቄዎቹን እያቸው። ከእንግሊዝኛ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። (ወረቀት ይሰጣታል። እማማ አልታየች እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሳርፋ ወረቀቱን ትቀበልና ዘቅዝቃ ትይዘዋለች።) ገልብጠሽ ያዝሽው እኮ።

አልታየች፦ እንዴት?

ዘርአ ዳዊት፦ ራሱ ወደ ታች ሆነ። እንዲህ ነው የሚያዘው። (አቅንቶ ያስይዛታል)

አልታየች፦ እንዲህማ ግራ ገባኝ። (መልሳ ትገለብጠዋለች)

ዘርአ ዳዊት፦ እማማ፣ ፊደልም እንደ ሰው ነው፤ በጭንቅላቱ አይቆምም።

አልታየች፦ ይኸው ቆሟል።

ዘርአ ዳዊት፦ (ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ይወስድባታል) ተይው፣ አይክፋሽ። ፊደል ላልለመደ ሰው ላዩም ታቹም አንድ ነው።

አልታየች፦ አልከፋኝም። ጠይቀኝ።

ዘርአ ዳዊት፦ እንግዲህ ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ ውስጡ የሚያይ፣ ዝምተኛ፣ ብቻውን መሆን የሚወድ። ሁለተኛው ወደ ውጭ የሚያይ፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወድ። አንቺ ከየትኛው ነሽ?

አልታየች፦ በር ላይ የተቀመጠውስ ሰው?

ዘርአ ዳዊት፦ በር የሚባል የለም።

አልታየች፦ እኔ በር ላይ ነኝ። ወደ ውስጥ ድስቴን አያለሁ፣ ወደ ውጭ መንገደኛውን አያለሁ።

ዘርአ ዳዊት፦ ይህ እኮ የቤት ነገር አይደለም፣ የነፍስ ነገር ነው።

አልታየች፦ ነፍሴም አብራኝ ነው የተቀመጠችው። ወዴት ትሄዳለች?

ዘርአ ዳዊት፦ (ይጽፋል) «ጥያቄ አይገባትም።» እሺ፣ ቀጣዩ። ከማታውቂው ሰው ጋር ስትገናኚ ምን ይሰማሻል?

አልታየች፦ ማነው እሱ?

ዘርአ ዳዊት፦ ማንም ይሁን። የማታውቂው ሰው።

አልታየች፦ ከየት ነው የመጣው?

ዘርአ ዳዊት፦ ከየትም። ከደነባ ይሁን።

አልታየች፦ ከደነባ ከሆነ የጎረቤታችንን የወልደ ሰንበትን ወንድም ያውቀዋል።

ዘርአ ዳዊት፦ አያውቀውም እንበል።

አልታየች፦ ከደነባ መጥቶ የወልደ ሰንበትን ወንድም ካላወቀ ውሸቱን ነው፣ ከደነባ አይደለም። እንዲህ ያለውን አላስገባም።

ዘርአ ዳዊት፦ (ይጽፋል) «እንግዳ ትፈራለች።» ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር፣ ምን ያህል ቁጡ ነሽ?

አልታየች፦ አምስት ምን?

ዘርአ ዳዊት፦ አምስት ብቻ። አንድ ማለት የማይቆጣ ነው፤ አምስት ማለት እሳት የሆነ።

አልታየች፦ በማን ላይ?

ዘርአ ዳዊት፦ በጠቅላላው።

አልታየች፦ በጠቅላላው የሚቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም። በአያትህ በመሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁለት በል። በዶሮዋ አራት። በአንተ ደግሞ...

ዘርአ ዳዊት፦ በእኔ ስንት?

አልታየች፦ እሱ ይቆይ። ጥያቄህን መጀመሪያ ጨርስ።

ዘርአ ዳዊት፦ እንግዲያው ሕልምሽን ንገሪኝ።

አልታየች፦ ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን?

ዘርአ ዳዊት፦ ሕልም የነፍስ በር ነው ይላል መጽሐፉ።

አልታየች፦ በር የሚባል የለም ብለኸኝ አልነበረም?

(ዘርአ ዳዊት ይህን አይጽፍም። አንድ ንጹሕ ወረቀት ላይ ቀለም ያንጠባጥባል፣ ወረቀቱን ያጥፋል፣ ይከፍታል፣ ፊቷ ይዘረጋላታል።)

ዘርአ ዳዊት፦ ትልቁ ምርመራ ይህ ነው። እይውና መጀመሪያ የመጣልሽን ንገሪኝ። ምን ይታይሻል?

አልታየች፦ የፈሰሰ ቀለም።

ዘርአ ዳዊት፦ ቀለም መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ቀለሙ ውስጥ ምን አለ? አንዱ የሌሊት ወፍ ያያል፤ ሌላው ሁለት ሴቶች ሲጨፍሩ ያያል።

አልታየች፦ ሴቶቹ የማን ልጆች ናቸው?

ዘርአ ዳዊት፦ እማማ፣ ሐሳብሽን ዝም ብለሽ ልቀቂው።

አልታየች፦ እሺ፣ ለቀቅሁት። ቀለም ያባከነ ልጅ ይታየኛል።

ዘርአ ዳዊት፦ (ወረቀቱን አቅርቦ እያየ) የቱ ጋ?

አልታየች፦ እዚያው ነው። ስድስት ዓመቱ ነው። መሪጌታ ጥላሸት ለቅመው፣ አሽተው፣ ስንት ቀን የደከሙበትን ቀለም ብራናቸው ላይ ደፍቶታል። ማን ደፋው ሲሉት «ድመቷ» ይላቸዋል።

ዘርአ ዳዊት፦ (ጆሮውን ይዞ) ድመቷም ልትሆን ትችላለች እኮ።

አልታየች፦ ድመት አልነበረንም።

ዘርአ ዳዊት፦ (ይጽፋል) «በትዝታ ትኖራለች።» ሰዓቱ እየሄደ ነው። የቀሩትን ሠላሳ ጥያቄዎች እኔው እሞላቸዋለሁ።

አልታየች፦ እኔን ሳትጠይቅ?

ዘርአ ዳዊት፦ ታወቅሽ እኮ። መጽሐፉ ውስጥ ልክ አንቺን የመሰለች ሴት አለች።

አልታየች፦ የማን ልጅ ናት?

ዘርአ ዳዊት፦ ስምም የላት። ምሳሌ ናት።

አልታየች፦ ታሳዝናለች።

ዘርአ ዳዊት፦ በይ አሁን ዝም በይልኝ፤ ለአስተማሪያችን መግቢያ ልጽፍ ነው።

(እንዲህ ሲል ጆሮውን ያሻሻል። የሚጽፈው ለወልደአረጋይ ደብዳቤ ነው። ብዕሩ ይሄዳል፣ እንዝርቱ ይሾራል። ጥቂት ቆይቶ እንዝርቱ ይቆማል።)

ዘርአ ዳዊት፦ ምነው አቆምሽ?

አልታየች፦ ዘርዬ፣ ይህ ወረቀት ባይደርስ ምን ይመጣል?

ዘርአ ዳዊት፦ ምን ይመጣል፣ ሽልማቱ ይቀርብኛል። (ጆሮውን እንደያዘ) አንደኛ ስለወጣሁ ነው ብዬሽ የለ?

አልታየች፦ ብለኸኛል። እንግዲያው «ግትር» ያልከውን ተወው፣ ልክ ነህ። «እንግዳ ትፈራለች» ያልከው ግን ይሰረዝ። እዚህ ቤት ገበያ የመሸበት ስንቱ እንግዳ አድሯል።

ዘርአ ዳዊት፦ (ብዕሩ አየር ላይ ቀርቶ) ማን ነገረሽ?

አልታየች፦ ወረቀቱ።

ዘርአ ዳዊት፦ የትኛው ወረቀት?

አልታየች፦ በርጩማው ላይ ያለው። ከላይ አራተኛው መስመርም ስሕተት አለበት። «ማንበብና መጻፍ፦ የለም» ይላል። ሳትጠይቀኝ ነው የሞላኸው።

ዘርአ ዳዊት፦ (በቁራጭ ወረቀት ላይ በችኮላ ይጽፍና ወደ እሷ አዙሮ ያሳያታል) ይህ ምን ይላል?

አልታየች፦ (ትክ ብላ አይታ) አላውቅም።

ዘርአ ዳዊት፦ (እፎይ ብሎ) ይኸውልሽ። ገምተሽ ነው።

አልታየች፦ ወደ አንተ አዙረው።

ዘርአ ዳዊት፦ ምኑን?

አልታየች፦ ወረቀቱን ነዋ። አንተ እንደምታነበው አድርገህ አስቀምጠው። (ያዞረዋል) «ዶሮዋ በር ላይ ቆማለች» ይላል። ደግሞም አልቆመችም፣ ጓሮ ናት።

ዘርአ ዳዊት፦ እማማ... ማን አስተማረሽ?

አልታየች፦ አንተ።

ዘርአ ዳዊት፦ እኔ?

አልታየች፦ መሪጌታ ፊደል ሲያስቆጥሩህ ገበታው ጉልበትህ ላይ ነበር። እኔም እንደ አሁኑ ከፊትህ ተቀምጬ እፈትል ነበር። አንተ ጮክ ብለህ «ሀ» ስትል፣ እኔ በሆዴ «ሀ» እላለሁ። አንተ በልጅነትህ፣ እኔ በስተርጅናዬ። ዳዊት ስትደግምም ከማዶ ሆኜ አብሬህ ደገምኩ።

ዘርአ ዳዊት፦ ታዲያ መጽሐፉን አንድ ቀን እንኳ ወደ እኔ አዙሩልኝ አትዪም ነበር?

አልታየች፦ ካዞሩልኝ አንተ በምን ታነባለህ?

(ዘርአ ዳዊት ብዕሩን ያስቀምጣል። ከዚያ ዓይኑ ደብዳቤው ላይ ያርፋል፤ ደብዳቤው ወደ እሱ ዞሮ በርጩማው ላይ ተዘርግቷል።)

ዘርአ ዳዊት፦ ይኼንንም አንብበሽዋል?

አልታየች፦ «ወንድሜ ወልደአረጋይ፣ መልሱን በግምት ሞልቼዋለሁና አንተ አሳምረው። ይህም ከወደቀ እንደምሰናበት ታውቃለህ። አያቴ አልሰማችም። የዋህ አሮጊት ናት፤ ብትሰማ እሪ ብላ ታለቅሳለች።» አለቀስኩ?

ዘርአ ዳዊት፦ አላለቀስሽም።

አልታየች፦ ይህም ይሰረዝ። የፊተኛውን ወረቀት አስተማሪህ ምን ብሎ ነው የጣለብህ?

ዘርአ ዳዊት፦ (እጁ ወደ ጆሮው ይነሣና መንገድ ላይ ይመለሳል) «መጽሐፉን አይተሃል፣ ሰውየውን አላየህም» አለኝ።

አልታየች፦ ማንን ነበር የጻፍከው?

ዘርአ ዳዊት፦ ማንንም። ከመጽሐፉ ነው የቀዳሁት።

አልታየች፦ አስተማሪህ አዋቂ ሰው ነው። ስንት ሰዓት ሆነ?

ዘርአ ዳዊት፦ ለስምንት ሃያ ጉዳይ። አለቀልኝ እማማ።

አልታየች፦ ብዕሩን ያዝ። አንድ ሰው አይደል የፈለገው? እኔ የማውቀውን አንድ ሰው ልንገርህ። እንደነገርኩህ ጻፍ።

(እንዝርቱ እንደገና ይሾራል።)

አልታየች፦ ይህ ሰው የማያውቀውን ሲጠይቁት አላውቅም አይልም፤ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ዘርአ ዳዊት፦ «...ድምፁን ከፍ ያደርጋል።» ቀጥዪ።

አልታየች፦ ብላ ሲሉት ጠግቤያለሁ ይላል፤ ዞር ሲሉለት ሌማቱን ይከፍታል።

ዘርአ ዳዊት፦ (በፍጥነት እየጻፈ) ይህ ጥሩ ነው። ስለ እንዲህ ያለው መጽሐፉም ያወራል።

አልታየች፦ ሲጨንቀው ይስቃል። ሰው እንዲያዝንለት አይወድም። የሚወደው ሰው እንዳይጨነቅ ብሎ ይዋሻል፤ መዋሸቱን ግን አይችልበትም።

ዘርአ ዳዊት፦ እንደማይችልበት በምን አወቅሽ?

አልታየች፦ ምልክት አለው። እሱን ቆይቼ እነግርሃለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ትምህርትህ ምን ይለዋል?

ዘርአ ዳዊት፦ (ነፍስ ዘርቶ፣ ቀና ብሎ) ይህማ ግልጽ ነው። ላይ ላዩን ጉረኛ፣ ውስጡን ፈሪ ነው። ራሱን የሚያስረዝመው ትንሽነት ስለሚሰማው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እኔ ጓደኛም አላደርገው።

አልታየች፦ እኔ ግን አሳድጌዋለሁ።

(ዘርአ ዳዊት ብዕሩን ያቆማል። ግራ እጁ ሳያውቀው ጆሮውን ይዟል።)

አልታየች፦ ይኸው፣ ምልክቱ እሱ ነው።

ዘርአ ዳዊት፦ (እጁን ከጆሮው ያወርዳል፣ የት እንደሚያደርገውም ይጠፋዋል) ጉረኛ ያልኩትን ልሰርዘው?

አልታየች፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተማርከው አንተ ነህ።

ዘርአ ዳዊት፦ ፈሪ ያልኩትንስ?

አልታየች፦ እሱ ገና አልታወቀም። ፈሪ ከሆነ ይህን ወረቀት አይልከውም። ትልከዋለህ?

ዘርአ ዳዊት፦ (ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው) እልከዋለሁ። «ተመርማሪ» በሚለው ላይ ግን ስምሽን ጽፌበታለሁ።

አልታየች፦ ሰርዝና የራስህን ጻፍ። «መርማሪ» በሚለው ላይ የእኔን።

ዘርአ ዳዊት፦ (ሳቁ እየመጣ) «መርማሪ፦ ወይዘሮ አልታየች።» ማንበብና መጻፍ የሚለውን ምን ልበለው?

አልታየች፦ «ከማዶ» በል።

ዘርአ ዳዊት፦ የቁጣሽንም ቁጥር አልነገርሽኝም። በእኔ ላይ ስንት ነው?

አልታየች፦ ቅድም ከዶሮዋ ትበልጥ ነበር። አሁን አንድ አድርገው።

(ከመንገዱ በኩል የአውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማል። ዘርአ ዳዊት ብድግ ይላል።)

አልታየች፦ ቆይ፣ ብዕሩን ስጠኝ። ወረቀቱን ከቦታው አታንሣው፤ ወደ አንተ እንደዞረ ይሁን።

(እማማ አልታየች እንዝርቱን መሬት ታስቀምጣለች። በርጩማው ላይ ጎንበስ ብላ ከቀኟ ጀምራ ወደ ግራዋ ትጽፋለች። ፊደሎቹ ለእሷ የተዘቀዘቁ ናቸው፤ ከማዶ ቆሞ ለሚያያቸው ለልጅ ልጇ ግን ቀጥ ብለው ይቆሙለታል። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ፊደል ወደ ራሷ አዙራ ጽፋ አታውቅም። ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ሲሮጥ የሚያነበው ይህን ነው፦)

«ይህን የምታነብ ሰው ሆይ፣ ልጁ አንደኛ ነኝ ቢልህ አትመነው፤ አለቀልኝ ቢልህም አትመነው። ጆሮውን ሲነካ ያየኸው እንደሆነ አትቆጣው፤ ቀስ ብለህ ሁለተኛ ጠይቀው። እውነቱን የሚናገረው በሁለተኛው ነው።»