የጉለሌው አመድ መዛኝ

የሰው ምድጃ ካልተቆጣጠረ እንቅልፍ የማይወስደው ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ገና አልተቆረቆረም። በጣሊያን ጊዜ ለእኛ ለጉለሌዎች የደረሱን ክቡር አቶ ዋቅጋሪ ነበሩ።

እኒህ ሰው የወታደር ልብስ በእንፋሎት በሚታጠብበት ቤት የማገዶ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ እኔም እዚያው ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። ጣሊያኑ አለቃችን አመዱ ውስጥ ሳይነድ የሚቀረውን ከሰል መጠን ማወቅ ፈለገ። መሣሪያ ይገዛ ሲሉት ግን ሰማይ ሰማይ ያያል። አቶ ዋቅጋሪ ከቅቤ ነጋዴ ሚዛን ተዋሱ። አመዱን ፀሐይ ላይ አድርቀው ይመዝናሉ፤ በአካፋ እሳት ላይ ጥደው እስኪቀላ ያነዱታል፤ ሲበርድ እንደገና ይመዝናሉ። የጎደለው ከሰል ነበር ማለት ነው። “አመድ አይዋሽም!” ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው።

በዚህ ቢበቃቸው ምን ነበረበት! ለቅሶ ቤት ሲመጡ እንኳ “እግዜር ያጥናችሁ” ሳይሉ ጓዳ ዘልቀው አመድ ይዘግናሉ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ጌጤ እንባዋ ሳይደርቅላት፣ “ከአመድሽ ሲሶው ከሰል ነው፤ አባካኝ ነሽ” አሏት።

“አመድ በዱቄት ሳቀ አሉ! አካፋው ላይ ሲያስነጥሱ የበነነውስ፣ አቶ ዋቅጋሪ?” አለቻቸው።

“ማስነጠሴን ቀንሼልሻለሁ” ብለው ወጡ።

የባጫ ነገር ግን ሁላችንንም አስጨነቀን። ባጫ የልብስ ማጠቢያው እሳት አንዳጅ ነው። እንጨት በጠፋበት በዚያ ክፉ ቀን፣ ገና ያልነደደውን ከሰል ሆን ብሎ ከአመድ ጋር ይጠርጋል፤ የሰፈሩ ሴቶች “ለዕቃ መፈተጊያ” እያሉ በቅርጫት ወስደው ራት ያበስሉበታል። አለቃው የማገዶ ወጪ ሲበዛበት ጠረጠረ። “ነገ አመዱ በፊቴ ይመዘን፤ ከሰል ከተገኘበት ባጫ እስር ቤት ይገባል” አለ። መዛኙ ማን ሊሆን? አቶ ዋቅጋሪ! በቃ፣ ባጫ አለቀለት አልን።

በማግስቱ አመድ በጣሳ ይዘው ቀረቡ። መዘኑ፣ አነደዱ፣ ደግመው መዘኑ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። አለቃው አጉረምርሞ ሄደ።

ባጫ ጣሳው ውስጥ አጮልቆ አየ። “አቶ ዋቅጋሪ፣ ይሄ እኮ የኔ አመድ አይደለም።”

“ዝም በል፣ አንተ! ከቤቴ ያመጣሁት ነው፤ ደጋግሜ ያነደድኩት። ደግሞ ለሴቶቹ ደቃቁን ነው አሉ የምትሰጣቸው። ልጅ ያላት ሴት በደቃቅ ከሰል ምን ታበስላለች? ድፍን ድፍኑን ለይላቸው!”

ያን ቀን እኒያን ነገረኛ ሽማግሌ ወደድኳቸው። በማግስቱ ጓዳዬ ገብተው አመዴን ሲዘግኑ ባገኛቸው እንኳ አላባረርኳቸውም።