የአማኑኤሉ ሰው በደጀን

ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ ሰው አይጠፋም ይሉኛል። ይሁን፤ አልከራከርም። ፈልጎ ማግኘትን የሚጠላ ማን አለ?

እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት አህያዬ ብትጠፋ አገር ለአገር አልዞርሁም። የጎረቤቴን የጎመን ጓሮ እንደምትወድ አውቃለሁ፤ በቀጥታ ወደዚያው። ጎረቤቴ በበትር ሲሸኛት ደረስሁ። ብልህ ሁሉ ቦታ አይፈልግም፤ የሚገኝበት ቦታ ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ሐኪም ቤትም እንዲሁ ብልህ ሆኖ ነበር።

የበሽተኛው መዝገብ ኮምፒዩተሩ ውስጥ በየወረዳው ተከፋፍሎ ተቀምጧል። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረዳዎን ይጠይቅዎታል፤ የዚያን ወረዳ ክፍል ብቻ ይፈልጋል። የቀረውን አይነካም። ድሮ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሲጠይቁት ማሽኑ ይፈዝና ምጥ የያዛት ሴት ሳትቀር ሰልፍ ላይ ትቆም ነበር። ታዲያ አዲሱን ሥርዓት ማን ይነቅፋል?

አጎቴ አያ ታከለ የአማኑኤል ገበሬ ነበሩ። በሬ ሊሸጡ ደጀን ሄደው ሲመለሱ የተሳፈሩበት አይሱዙ ተገለበጠ። ቁስለኞቹ ማርቆስ ገቡ ሲባል ሚስታቸው እቴቴ ዘርፌ ነጠላቸውን በቅጡ ሳይለብሱ እኔ ቤት ደረሱ። ተያይዘን ሄድን።

ልጁ ትሁት ነው። «እናቴ፣ ባለቤትዎ የየት ወረዳ ናቸው?»

«የማቻከል። ከአማኑኤል።»

መታ መታ አደረገ። «የሉም» አለ።

እቴቴ ዘርፌ ከቁስለኞቹ የሉም ማለት ነው ብለው፣ ተመስገን እያሉ የመስኮቱን ብረት ሳሙ። እኔ ገብተን በዓይናችን እንይ ብል ዘበኛው ስሙ ያልወጣ ሰው አይጠየቅም አለኝ። ልጁን ሌላውንም ወረዳ እንዲያይልኝ ለመንሁት። ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ በአገጩ አሳየኝ። እቴቴም ክንዴን ይዘው፣ «የለም ተባለ እኮ፤ ክፉ ነገር ተፈልጎ ይገኛል?» ብለው ወደ ቤት መለሱኝ። ደጀን ዘመድ ቤት አድሮ ይሆናል እያሉ እራት በሉ።

በማግስቱም የአጎቴ ወሬ ሲጠፋ ተመልሰን ሄድን። በሩ ላይ እጁን በጀሶ የታሰረ ያገራቸው ሰው አገኘን፤ ከዚያው መኪና የተረፈ። እቴቴን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«አያ ታከለ እርስዎን ሲጠሩ ነው ያደሩ» አለ። «ጎህ ሲቀድ ዝም አሉ።»

ለካ ቁስለኞቹን የመዘገበው ሌላ ተረኛ ነው። አደጋው የደረሰው ደጀን ነውና ሁሉንም ደጀን ብሎ አስገብቷቸዋል። አጎቴ የተኙበት ክፍል ከመስኮቱ ጀርባ ነበር። እኛ «የሉም» ስንባል ድምፃችንን ሰምተው ይሆን? ይህን ለእቴቴ አላነሳሁባቸውም።

አስከሬኑን ልንረከብ እዚያው መስኮት ላይ ቆምን። «የየት ወረዳ?» ተባልን። ማቻከል ልል ስል እቴቴ ቀደሙኝ።

«ደጀን በለው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማቻከል ያልኸው እንደሆነ የለም ይለናል።»

ለቅሶው ላይ ሰዉ ልጁን ሲረግም ዋለ። እኔም አገዝሁ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል አልን፤ መቼም ተረት አይቸግረንም። እቴቴ ዘርፌ ሰምተው ሰምተው፣ «ልጁን ተዉት» አሉ።

«እሱ የጠየቀኝን ነገርሁት፤ ያየውን ነገረኝ። ተመስገን ብዬ የተኛሁ እኔ ነኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ሌሊት የጣፈጠ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።»