በላይነህና የባንዱ ሦስት ዘመናት

የወደደውን ነገር ለብቻው መውደድ የማይችል ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ለወረታ የደረሰን ክቡር አቶ በላይነህ ነው፤ የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት፣ የመሪጌታ ልጅ፣ በፎገራ ሜዳ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉት የፈረንጅ ሙዚቃ ብቸኛ ሊቅ።

የወደደው ኖርዝ ላንተርን የሚባል የእንግሊዝ ባንድ ነው። አንዱ ዘፈናቸው ሃያ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ዘፋኙ አፉን የሚከፍተው አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው። በላይነህ ባንዱን ከአምስት ዓመት በፊት ሞባይል ቤት ባስጫነው ሚሞሪ ውስጥ ድንገት አገኘው። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፣ እኔ ላዳምጥ እጠራለሁ። ጎረቤቱ ነኝ፤ ማምለጫ የለኝም።

አንድ ቀን ተሳስቼ "ጥሩ ነው" አልኩት።

"የትኛው ዘመን?" አለኝ።

ባንዱ ሦስት ዘመን አለው ለካ። በመጀመሪያው ዘፋኙ ዋሽንትም ይነፋ ነበር። እሱ ሲለቅ ጊታሪስቱ መዝፈን ጀመረ፤ ከበሮ መቺውም ተቀየረ። በሦስተኛው ዘፈኖቹ አጠሩ። እኔ የወደድኩት እነዚህን አጫጭሮቹን ነበር። በላይነህ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያረፍኩባቸው ሁለት ቀናት ነበሩ።

ከበሮ መቺዎቹን መለየት አቃተኝ ብዬ ብማረር፣ "የላይ ቤትንና የታች ቤትን የቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚለይ የጎንደር ሰው ሁለት ከበሮ መቺ ያምታታዋል?" ብሎ እንደገና አስቀመጠኝ። ወገቤን አሞኝ ወንዛዬ ፍልውሃ ብወርድ፣ ልጠይቅህ ብሎ ስፒከሩን ይዞ መጣ። ሊታጠቡ የመጡ አንድ ቄስ አሥር ደቂቃ ከታገሡ በኋላ፣ "ልጄ፣ ይኼ ሰው መዝፈን የሚጀምረው መቼ ነው?" አሉት።

"ደርሷል አባ፣ ትንሽ ይታገሡ።"

ዘንድሮ በላይነህ "ምን አልክ?" ማለት አበዛ። ባለቤቱ ባሕር ዳር ወስዳ አስመረመረችው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን ጎድቶታል፤ ቀጫጭን ድምፅ ከእንግዲህ አይሰማም ተባለ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፋ። አልጠራኝም። ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም ሲል ራሴ ሄድኩ። ስፒከሩን ከፍቶ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"ዋሽንቱ ጠፋብኝ" አለኝ። "ገብቷል?"

"ገና ነው።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዋሽንቱ ሲገባ ጉልበቱን ነካ አደረግኩት። ዓይኑን ጨፈነ።

"አሁን ወደ ላይ ይወጣል" አለ።

"ወጣ" አልኩት።

በዚህ መሀል መብራት መጣ። ሩዝ ያመጡት ገበሬዎች ተንጫጩ፤ በላይነህም ማሽኑን ሊያስነሣ ብድግ አለ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት።

"ቁጭ በል፤ ዋሽንቱ አላለቀም።"